ሀምዛን የመታው ማማሰያ

ሳሊሐማ እጇን አላነሳችም። ሀምዛ ነው እንጂ ምላሱን በጊዜው ያላነሳው። ሳዑዲ፣ የየመን ድንበር አጠገብ፣ ሳብያ ከተማ ቄራ ሃያ ሁለት ዓመት በግ ሲጥል የኖረው፣ ያ ረጅሙ የባቲ ሰው። ጧት ገብቶ ሠላሳ አርባ በግ አርዶ፣ ገፎ፣ ብልቱን አውጥቶ ይሰቅልና ከሰዓት በኋላ ነጭ ልብሱ ላይ አንድ ጠብታ ሳይታይበት ወደ ቤቱ ይሄዳል። ደም ዐይቶ የሚያቅለሸልሸው ሰው ካገኘ ደግሞ አፉ አይጣል ነው። ከየመን ተሻግረው ለቀን ሥራ ቄራው በር ላይ ከሚቆሙት ጎረምሶች አንዱን ይጠራና ትኩስ አንጀት ያስይዘዋል። ጎረምሳው ፊቱን ሲያዞር፣ "አባትህ ዶሮ ሲያርድ እናትህ በቀሚሷ ትሸፍንህ ነበር?" ይለዋል። ቄራው ይስቃል።

ሚስቱ ሳሊሐ ከሱ በአሥራ ስድስት ዓመት ታንሳለች። ትከሻዋ ሰፊ ነው፣ ድምጿ ወፍራም ነው፣ ሳቋ ሦስት ግቢ አልፎ ይሰማል። ልጅ አላህ አልሰጣቸውም። እሷ ጧት ጧት አንዲት የሀገሬው መዳም ቤት ሄዳ ሁለት ሕፃናት ታሳድጋለች፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ኢቃማዋም በዚያ ቤት ስም ነው። እነዚያን ሕፃናት ስታወራ አፏ ማር ማር ይላታል። ከሀምዛ ጋር ሲጋቡ ሰው ሁሉ፣ "ይቺማ አንድ ቀን አንሥታ ታፈርጠዋለች" ብሎ ስቆ ነበር። ሰው አንዴ ከሳቀ የሳቀበት ነገር እንዲሆንለት ይጠብቃል።

የዐረፋ እርድ ባለቀ በሳምንቱ ሀምዛ ክንዱ ጠቁሮ ተነሣ። የነካው የለም። በግ ገፍቶኝ ይሆናል አለ ለራሱ። በሦስተኛው ቀን ጎኑ ጠቆረ፣ ከዚያ ጀርባው፣ ከዚያ አንገቱ ሥር። እንደ ባዲንጃን ነው የጠቆረው፣ ሲሰነብት ዳር ዳሩ ቢጫ እያለ። ድንጋይ በሚያፈላ ሙቀት እጅጌው ረጅም ሹራብ መልበስ ጀመረ። ቢላ ጣቱን ጫር ያደረገው ቀን ፋሻው እስከ ከሰዓት በኋላው የዐስር ሶላት ድረስ ቀይ ሆኖ ዋለ። በመፋቂያ ጥርሱን ሲነካ ምራቁ ቀይ ነው።

ሐኪም ቤት ይሂድ እንዳትሉ። የቄራ ሰው በዓመት በዓመቱ የጤና ካርድ ያሳድሳል። ካርድ የሌለው ቢላ አይነካም፣ ቢላ የማይነካ ሰው ደግሞ ለአሠሪው፣ ለከፊሉ ለአቡ ፈይሰል ምን ያደርግለታል። ባለፈው ዓመት አንዱ አራጅ ጉበቱ ላይ ነገር ተገኘበት ተብሎ፣ "ያላ፣ ኸላስ" ተባለና በሳምንቱ ወደ ሀገሩ ተሸኘ። ሽርጡን እንኳ እዚያው አውልቅ ብለውታል። የሀምዛ ካርድ ሊታደስ የቀረው ሁለት ወር ነበር። ይህን አሰበና አፉን ዘጋ። ሰው ሳያየኝ ሁለት ወሯን ልለፋት አለ።

ሰው ግን አየው። ቄራው ጓሮ ሲታጠብ ማሞ ከኋላው መጣ። ማሞ ቆዳ ጫኝ ነው፣ ወሬም ይጭናል።

"አያ ሀምዛ፣ ጀርባህን ምን ሆንክ? በቅሎ ረገጠችህ?"

ሀምዛ ልብሱን ወደ ታች ጎተተ። 

ማሞ ጠጋ ብሎ፣ "ወይስ ሳሊሐ ናት?" አለው። ለሳቅ ነው ያላት።

አንድ ቃል ነበረች እዚህ ላይ። አይደለችም ቢል አልቆ ነበር። ግን አይደለችም ካለ፣ ታዲያ ምንድን ነው ይመጣል። ከዚያ ሐኪም፣ ከሐኪም ካርድ፣ ከካርድ አቡ ፈይሰል። ሀምዛ አንገቱን ደፋና፣ "የቤቴ ጉድ ምን አገባህ አንተ፣ ተወኝ" አለ። በቃ። ሰው አዎ ሲል አይታመንም፣ እንዲህ ሲል ነው የሚታመነው።

የመግሪብ ሶላት ሳይደርስ ሳብያ ሰማች። በማግስቱ ዳማድ ሰማች። ታች አል-ሙወሰም፣ ድንበሩ ጥግ ያሉት እንኳ፣ "ሀምዛ በጉን ይጥላል፣ ሳሊሐ ሀምዛን ትጥላለች" እያሉ ሲስቁ ዋሉ። ልብስ ሰፊዋ ፀደኒያ ሳሊሐን መንገድ ላይ አስቁማ፣ "እታለም፣ የኔን ባል አንድ ሁለት ቀን ልላክልሽ? አንቺም ክንድሽ ይፍታታ፣ እሱም ይማር" አለቻት።

ሳሊሐ መጀመሪያ ሳቀች። ቤቷ ገብታ የባሏን ሹራብ ገልባ ጀርባውን ስታይ ሳቋ ቀጥ አለ።

"ማነው የመታህ?"

"ማንም።"

"ሰው እኔ ነኝ ይላል።"

"ሰው የማይለው አለ? ይረሳዋል።"

"ተነሥ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ። ወላሂ ይሄ ደህና ነገር አይደለም።"

"ካርዴ ይታደስ። ሁለት ወር ነው፣ ታገሽኝ።"

"ሁለት ወር ሙሉ ባሏን ደብዳቢ ልባል?"

"ምን ይጎድልብሻል?" አላት።

ይቺን ቃል ያዙልኝ። ምን እንደሚጎድልባት በአራተኛው ቀን ታየ። መዳሟ ጠራቻትና፣ "ባሏን የምትመታ እጅ ልጆቼን አታጥብም" አለቻት። ሕፃናቱ የአባያዋን ጫፍ ይዘው ሲያለቅሱ ጣታቸውን አንድ በአንድ ያላቀቀችው ራሷ ሳሊሐ ናት። ሦስት ወር ተሰጣት። በሦስት ወር ሌላ ከፊል ካላገኘች ወደ ሀገሯ ናት። ባሏን ደብዳቢ የተባለችን ሴት ደግሞ ማን ቤቱ ያስገባል።

ሽማግሌ ያስቀመጠችው እሷ ናት። በሰፈሩ ትልቅ ሰው በሼህ ከሚል ቤት፣ ከዙህር ሶላት በኋላ፣ ስድስት ሰው ምንጣፍ ላይ ተቀመጠ፣ እሷ በሩ ሥር። ሀምዛ አንዴ አልመታችኝም ብሎ ከማለላት ሼህ ከሚል ራሳቸው መዳሟን ሊያነጋግሩላት ነው። ማሞም ምስክር ነኝ ብሎ መጥቶ ግድግዳ ተደግፏል። ማሞ የሰማውን አቡ ፈይሰል ይሰማል።

"ሀምዛ" አሉ ሼህ ከሚል፣ "ይቺ ልጅ መታችህ?"

ሀምዛ ማሞን አየ። "ምን ልበል ሼኻችን፣ ትዳር ነው።"

"በእጇ ነው?"

"የለም፣ በ..." ዓይኑ ዙሪያውን ዞረ። "በማማሰያ።"

ከበሩ ሥር ሳሊሐ፣ "በየትኛው?" አለች። ሁለት ነው ያላት፣ የወጥና የገንፎ።

"በገንፎው" አለ።

ሽማግሌዎቹ ከንፈራቸውን ነክሰው ሳቁ። ማማሰያው ከቤት ተልኮ መጣ፣ ክንድ የሚያህል። "እስቲ እንዴት አድርጋ?" አሉት። ሀምዛ ውሸት ይፈራል እንጂ አንዴ ከጀመረ አሳምሮ ነው የሚዋሸው። ማማሰያውን ተቀበለና ጭኑን ጧ አደረገው። "እንዲህ አድርጋ" አለ። የመጀመሪያው አልጥም አለውና ደገመው።

ፍርዱ፣ ሳሊሐ የባሏ እግር ላይ ወድቃ ይቅርታ ትጠይቅ፣ ማማሰያው ሼህ ከሚል ቤት ይቀመጥ ተባለ። ወደቀች። ጫማውን ሳመች ይላሉ፣ የለም፣ አልሳመችም። ግንባሯን ምንጣፉ ላይ አድርጋ እሱ ብቻ እንዲሰማት፣ "አላህ ከደምህ ያውጣልኝ" አለችው። ከዚያ ልብሷን በፌስታል ቋጥራ ዳማድ፣ የአክስቷ ልጅ ዘንድ ሄደች።

ጭኑ በማግስቱ እንደ ሐብሐብ አበጠ። ለሶላት መንበርከክ አቃተው። ምን ይሻላል ሲል፣ ደም ነው የረጋብህ፣ የተበላሸ ደም ነው፣ ታገም አሉት። የኛ ሰው የጠቆረ ገላ ሲያይ ምላጭ ነው የሚታየው። ሳብያ መኪና መጠገኛው ወርሻ ውስጥ ሞላ የሚባል መካኒክ አለ፣ ከወሎ ያመጣው የበሬ ቀንድ አለው፣ ሥራ ሲቀዘቅዝ ሰው ያግማል። ሀምዛን ጎማ ላይ አስቀምጦ ያበጠውን ጭን ሰባት ቦታ በምላጭ በጣው፣ ቀንዱን ለጥፎ ሳበ። ቀንዱ ጢም አለ። ደፋው። ደግሞ ጢም አለ።

"አያ ሀምዛ፣ ከማዘጋጃ ቤት ነው እንዴ ቧንቧ ያስገባኸው?" አለ ሞላ።

በሦስተኛው ቀንድ ቀልዱን ተወ። ያገኘውን ጨርቅ ጠቅልሎ ጫነበት፣ በጎማ ጥብጣብ አሠረው። ደሙ በሰባቱም በር ይወጣል። አይፈጥንም፣ አያቆምም። ሀምዛ ደግሞ ደም ያውቃል። የበግ ደም መሬት ነክቶ ብዙ ሳይቆይ እንደሚረጋ፣ እንደ ጉበት እንደሚነሣ፣ ሃያ ሁለት ዓመት በጫማው ረግጦ ያውቀዋል። ጎንበስ አለና ወለሉ ላይ ያለውን የራሱን ደም በጣቱ ነካው። ውሃ ነው። ጠበቀና ደግሞ ነካው። ውሃ ነው።

"ሞላ" አለ፣ "ይሄ እንደ ደም አይደለም።"

ጎረምሶቹን ሲያቅለሸልሻቸው የሚስቅባቸው ያ ሰው፣ እዚያው ዘይትና ደሙ ላይ ተዝለፍልፎ ወደቀ።

ሞላ በፒካፕ ጭኖ ጂዛን ሆስፒታል አደረሰው። በምን እንደታገመ ሲጠየቅ፣ "ሰውዬውን አላውቀውም፣ መንገድ ላይ አገኘሁት" ብሎ ሄደ። ሐኪሞቹ የተበጣውን ሰፉት፣ መርፌው የገባበት ቀዳዳ ሁሉ ራሱን ችሎ ደማ። ደም ሰጡት፣ በክንዱ ገብቶ በጭኑ ወጣ። ቢጫውን የደም ውሃ ሰጡት፣ እሱም እንደዚያው።

በሁለተኛው ቀን የደም ሐኪም የሆነች ሱዳናዊት መጣች፣ ቀጭን፣ ፊቷ የማይፈታ። የሀምዛን የደም ውሃ ቀዳችና ከጤነኛ ሰው የደም ውሃ ጋር በብልቃጥ ቀላቀለችው። ከሱ ደም የጎደለ ነገር ብቻ ቢሆን የጤነኛው ሞልቶለት ይረጋ ነበር። መጀመሪያማ የታረቁ መሰለ። ሁለት ሰዓት ሙቀት ላይ አቆየችውና ስታየው የሀምዛ ደም የጤነኛውንም አበላሽቶታል። አንድ ክፉ ጎረቤት ሰፈር ሲገባ እንደሚያደርገው።

አልጋው አጠገብ ቆማ በዐረብኛ ነገረችው። "ደምን የሚያረጋ ነገር አለ፣ ስትወለድም ነበረህ። አሁን የራስህ ገላ ጠላት መስሎት ዘበኛ አቁሞበታል። በመጣ ቁጥር ይገድለዋል። እኛ ብንጨምርልህም ያንኑ ይገድለዋል።"

"ከምን መጣብኝ?"

"አንዳንዱ ከሌላ በሽታ፣ አንዳንዱ ከመድኃኒት። ግማሹ ሰው ምክንያቱ አይገኝለትም።"

ሀምዛ ከንፈሩን ላሰ። "ካርዴስ?"

"የምን ካርድ?"

"የቄራ። በሥጋው ለሰው ይተላለፋል?"

"አይተላለፍም" አለች። "ሰንበሩ እንደታየ መጥተህ ቢሆን ያንን ወረቀት እኔው እጽፍልህ ነበር። ታክመህ ወደ ሥራህ ትመለስ ነበር። አሁን ግን ይሄ ጭን እስኪያገግም፣ ደምህም እስኪታመን፣ ቢላ የሚባል ነገር አትነካም።" ቀጥላም መዝገቧን ገልጣ፣ "የጭኑ ምት ነው፣ ሌላው በራሱ የመጣ ነው። ማን መታህ? መጻፍ አለብኝ" አለችው።

ሀምዛ ቀና ሲል ሳሊሐ በሩ ላይ ቆማለች። ሞላ ለሷ ደውሎ ነው፣ እሱም አንድ ደህና ነገር ሠራ።

"እኔ ነኝ" አለ ሀምዛ። "ራሴ ነኝ የመታሁት። በማማሰያ።"

ሐኪሟ ብዕሯን ይዛ ቀረች። "በማማሰያ?"

"በገንፎው" አለች ሳሊሐ ከበሩ።

መድኃኒቱ ውድ ነው፣ የኢንሹራንሱ ሰዎች ሁለት ጊዜ ተመላልሰው ፈቀዱ። አሠራሩ ደግሞ የዚህን አገር መንገድ የሚያውቅ ሰው ያወጣው ነው የሚመስለው። ኬላው ላይ ወታደር ሲቆም ከየመን የሚመጡት በተራራው ዞረው እንደሚገቡት፣ ይሄም ዘበኛውን ሳይነካ በሌላ በኩል ዞሮ ደሙን ያረጋዋል። በየሦስት ሰዓቱ በደም ሥሩ ሰጡት። በሦስተኛው ቀን ጭኑ መድማት ተወ። ከዚያ ዘበኛውን የሚያደክም ክኒን መጣ፣ እሱ የሳምንታት ነው። ክኒኑ ፊቱን እንደ ድፎ ዳቦ ነፋው። ይርበዋል፣ በልቶ ይርበዋል፣ ይቆጣል፣ ያለቅሳል። ምላጭ ክልክል፣ ሥጋ ላይ የሚወጋ መርፌ ክልክል፣ አስፕሪን ክልክል፣ ከምንም በላይ መመታት ክልክል ተባለ።

በአምስተኛው ቀን ማሞ ሊጠይቀው መጣ። ሀምዛ ደስ አለው፣ ብርቱካን የያዘ መስሎት በሁለት ክርኑ ተነሣ።

"አቡ ፈይሰል ልኮኝ ነው" አለ ማሞ። "የቢላዎቹ ሣጥን ቁልፍ የት ነው?"

"እኔ ስመለስ..."

"አያ ሀምዛ፣ በጉ እስክትመለስ ቆሞ ይጠብቅህ? ቦታህን እኔ ይዤዋለሁ አሁን። ቁልፉን ብቻ።"

ትራሱ ሥር ነበር፣ አወጣና ሰጠው። ማሞ በሩ ጋ ደርሶ ዞረና፣ "ሽርጡ ግን ይረዝምብኛል" አለ።

ሳሊሐ በማንኪያ ታጎርሰዋለች፣ አታናግረውም። ይቅር በይኝ ሲላት ማንኪያውን አፉ ውስጥ ትከታለች። አንድ ቀን ብቻ፣ "እኔ የወደቅሁት ሽማግሌ ፊት ነው። አንተም እዚያው" አለችው። በእግሬ ስቆም ብሎ ማለላት። ከሆስፒታል ወጥተው ቤት ሲገቡ የጠረጴዛውን ማዕዘን፣ የአልጋውን እግር፣ የበሩን ጠርዝ ሁሉ በጨርቅ ጠቀለለችለት። ፀደኒያ በመስኮት አይታ፣ "አሁንማ ድምፅ እንዳይሰማ እያደረገች ነው የምትመታው" ብላ አወራች። ሀምዛም መመታት ክልክል ከተባለ ወዲህ ሌላ ሰው ሆነ። በር ሲከፈት ይሸሻል፣ የሰው ክርን ሲንቀሳቀስ ይሸሻል፣ ዝንብ ስታርፍበት ጭኑን በሁለት እጁ ይሸፍናል።

ሐኪሟ፣ "ዘበኛው ጠፍቷል፣ ደምህ እንደ ሰው ደም ይረጋል" ያለችው የሳሊሐ ሦስት ወር ሊያልቅ ስምንት ቀን ሲቀረው ነው። በዚያው ሳምንት ሽማግሌ ተጠራ።

አሁን ሀምዛ በግ ማጎሪያ በር ላይ ተቀምጦ የሚገባ የሚወጣውን ይቆጥራል። ሳሊሐ ባቲ ናት። ይደውላል፣ አታነሣም። እንዴት እንደዚያ ሆነ፣ ሰውዬው እኮ ተናገረላት የሚል አለ። ተናገረ እንጂ፣ ማን ካደ። ያው ስድስቱ ሽማግሌ ነበሩ። መዳሟም ነገሩን በጆሮህ ሰምተህ ና ብላ ሾፌሯን ዮሴፍን ልካለች፣ ሕፃናቱ ሳሊሐ ሳሊሐ እያሉ አላስተኛ ብለዋታል። ሀምዛ የሐኪም ወረቀቱን በሁለት እጁ ይዞ ቆመና አንድም ሳያስቀር ተናገረ። ስለ ካርዱ ተናገረ፣ ስለ ማሞ ተናገረ፣ "ይቺ ሴት በዕድሜዋ ጣቷን አንሥታብኝ አታውቅም፣ ጭኔን የመታሁት እኔው ነኝ፣ እናንተው ፊት" አለ። እንባው ያን የተነፋ ጉንጭ ሞላው። ሽማግሌዎቹ አቀረቀሩ። ዮሴፍ እንኳ፣ "ለመዳም እንዲህ ብዬ እነግራታለሁ፣ ነገ ትምጣ" አለ።

ሼህ ከሚል አፍረው፣ "የልጅቱን ዕቃ መልሱላት" አሉ። ማማሰያው ከጓዳ ወጣ። ሳሊሐ ከበሩ ሥር ተነሥታ ተቀበለችና አልሐምዱሊላህ ልትል ሁለት እጇን ወደ ላይ አነሣች፣ ማማሰያውን እንደያዘች።

ሀምዛ ወረቀቱን ጣለና ሼህ ከሚል ጀርባ ተወሸቀ። በአንድ እጁ ጭኑን ሸፍኖ፣ በሌላው የሼሁን ሽርጥ ጨምድዶ ይዞ፣ "በአላህ ሳሊሐ፣ ጭኔን ተይ፣ ጭኔን ብቻ ተይ" አለ። ሽርጡ ተፈታ። ዮሴፍም የሰማውን ትቶ ያየውን ለመዳም ሊነግር ወጣ።